ፎገራ ላይ ወፍ ለማየት፣ ወፉም እንዲኖር ለማድረግ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሲቃረብ፣ በስተግራ በኩል መሬቱ ዝርግ ብሎ እስከ ጣና ሐይቅ ይዘልቃል። ፎገራ ይህ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው በየክረምቱ ደለል እያመጡ የሠሩት ጥቁር አፈር፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሩዝ የሚያሸትበት፣ ከዚያም ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት የሚበቅልበት ሜዳ። በዚሁ ሜዳ ላይ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ የሚነሡ፣ ግራጫ ክሬን የሚባሉ ባለ ረዥም እግር ወፎች በሺዎች ሆነው በጋውን ያሳልፋሉ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ፣ እዚሁ የሚፈለፍሉ ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬኖችም አሉ።

ይህ መመሪያ ሊያይ ለሚመጣውም፣ እዚያው ለሚያርሰው ወይም በቀበሌና በወረዳ ለሚያገለግለውም ነው። ለየብቻ ሁለት ጽሑፍ ማድረግ ይቻል ነበር። ነገር ግን ፎገራ አጥርና በር ያለው ፓርክ አይደለም። ወፉ የሚያድርበት ውሃ የአንድ ሰው እርሻ ጫፍ ነው፤ ጎብኚው የሚያየው መንጋ ሁሉ አንድ ገበሬ ቦይ ሳይቆፍር በመቅረቱ የተረፈ ነው። ስለዚህ ገበሬው የጎብኚውን፣ ጎብኚውም የገበሬውን ክፍል ቢያነብ ይጠቀማል።

መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚተኛ ይወቁ

የወፍ ዝርዝር ከማጥናትዎ በፊት የውሃውን ጉዞ ይረዱ። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ሲወርድ ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ጥቂት ሲወጣም ሰፊ መሬት ይዋጣል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱና ሐይቁ ሲያድግ ሜዳው በውሃ ይሸፈናል። ከመስከረም በኋላ ውሃው ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ዝቅ ያሉት ቦታዎች ግን ይዘውት ይቀራሉ። ከነዚህ ውስጥ የታወቁት ሸሸርና ወለላ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ረግረጎች የወፍ ብቻ አይደሉም። አምባዛ በጎርፉ ጊዜ ወደ ረግረጉ ገብቶ እንቁላሉን የሚጥለው፣ ግልገሉም የሚያድገው ጥልቀት በሌለው ሣራማ ውሃ ውስጥ ነው። ከብቱ በበጋ አረንጓዴ ሣር የሚያገኘው እዚያ ነው። ዛሬ ስፋታቸው ከቀድሞው በእጅጉ አንሷል። ዋናው ምክንያት ውሃውን በቦይ ማፍሰስና ሲሸሽ እግር በእግር ተከትሎ ማረስ ነው። የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ በኋላ የሐይቁ መውጣትና መውረድ በሰው እጅ ገባ፤ በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ሲወርድ የተገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ታረሰ። መሬት ያነሰው ገበሬ የተገለጠ ለም አፈር ሲያገኝ ቢያርስ አልፈርድበትም። የጥበቃው ሥራ የሚጀምረው ይህን ከመረዳት ነው።

ጊዜዎን ይምረጡ

ግራጫዎቹ ክሬኖች ከጥቅምት ጀምሮ ይገባሉ፣ በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ። ምርጡ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ሩዙ ታጭዷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ውሃው በጥቂት ቦታ ስለተሰበሰበ ወፉም እዚያው ይሰበሰባል። ዳክዬዎችና ውሃ ዳር የሚለቅሙ ትናንሽ የአውሮፓ ወፎችም በዚሁ ጊዜ አሉ።

ባለ ዘውዱን ክሬን ከጫጩቱ ጋር ለማየት የሚፈልግ ሰው ክረምትን ይመኛል። እኔ ግን አልመክርም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ጎጆው በረዥም ሣርና በፊላ መሐል በውሃ ተከቦ ነው ያለው። እዚያ የደረሰ ሰው እናትና አባቱን ያስነሣል፤ እንቁላሉም ለአሞራና ለቁራ ይጋለጣል። ለአንድ ፎቶግራፍ ይህ አይገባም።

በቀኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይያዙ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስኪመሽ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው በባይኖኩላርም ቢሆን የሚታየው ነገር ይደበዝዛል፤ ያን ሰዓት ወረታ ገብቶ ምሳ መብላት ይሻላል።

ከመነሣትዎ በፊት

በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት የቆየው ግጭት የመንገዱን ነገር በየሳምንቱ የሚለዋውጥ አድርጎታል። ባሕር ዳር ሆነው ሹፌሮችንና የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፤ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብለው በሚነሡበት ቀን ጠዋት እንደገና ይጠይቁ። ካልሆነ ይተዉት፤ ወፉ የከርሞ ሰው ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሚኒባስ ይደረሳል። ወደ ረግረጉ የሚወስደው መንገድ ግን አፈር ነው፤ እስከሚያስኬደው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። በመጀመሪያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉና መምጣትዎን ያሳውቁ። ቀጥሎ በቀበሌው ሊቀመንበሩን ወይም የግብርና ባለሙያውን ያነጋግሩ፤ አብሮዎት የሚሄድ የአካባቢ ሰው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ይህን ደረጃ አይዝለሉ። በሰው ማሳ ዳር ቆሞ በመነጽር ሩቅ የሚመለከት እንግዳ መሬት ሊለካ፣ ሊነጥቅ ወይም ሊሰልል የመጣ ይመስላል። ገበሬው እንዲህ ቢያስብ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ እንግዳ መጥቶ ደግ ነገር ያመጣለት ጊዜ ጥቂት ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ በፍጹም አይያዙ።

የሚይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። 8 በ42 የሚል ባይኖኩላር ለዚህ ሜዳ ይበቃል፤ 8ቱ የማቅረብ ኃይሉ ነው፣ 42ቱ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ከ10 በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ደብዛዛ ቀለም ያለው ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ውሃ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይጨምሩ። እስክሪብቶ በጤዛ ይጨማለቃል።

ስለ ጤና ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ፎገራ ወባ ያለበት ሜዳ ስለሆነ ወረታ ካደሩ ያለ አጎበር አይተኙ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አይግቡ፤ አልቅትም አለ። ሦስተኛው ጉማሬ ነው፤ ሲመሽ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ውሃው ቀጥ ብሎ ይሮጣል። በእሱና በውሃው መካከል ላለመገኘት፣ ሐይቁ አጠገብ ከሆኑ ከመጨለሙ በፊት ይውጡ።

ሜዳው ላይ እንዴት እንደሚሄዱ

የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲደርሱ «በርቱ፣ ያበርታችሁ» ይበሉ። አዛውንት ካሉ «አባቴ» ወይም «እማማ» ብለው ቀድመው ሰላምታ ይስጡ፤ ለምን እንደመጡ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገሩ። ባይኖኩላሩን ለልጆቹም ለትልልቆቹም ያሳዩ። ዕድሜ ልኩን ወፉን ሲያይ የኖረ ሰው የባለ ዘውዱን ክሬን ቀይ ጉንጭ በቅርብ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚወጣው ነገር እርስዎ ከሚሰጡት ማንኛውም ትምህርት ይበልጣል፤ የሚነግርዎትም ብዙ ነው። ወፉ ትናንት ማታ የት እንዳደረ የሚያውቀው እሱ ነው።

በማሳ ድንበርና በከብት መንገድ ብቻ ይሂዱ። ጓያ ብዙ ጊዜ ሩዙ ሳይታጨድ በመሐሉ ስለሚዘራ፣ ባዶ ገለባ የመሰለዎት ማሳ ቡቃያ ሊኖረው ይችላል። ማሳው ውስጥ የሚገቡት ባለቤቱ ይግቡ ካለዎት ነው።

ርቀትን ወፉ ራሱ ይነግርዎታል። ክሬን ሲለቅም አንገቱ ወደ መሬት ነው። አንድ ሁለቱ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው መመልከት ከጀመሩ ይቁሙ። መልቀማቸውን ትተው ወደ ሌላ አቅጣጫ መራመድ ከጀመሩ አብዝተው ቀርበዋል፤ ቀስ ብለው ወደኋላ ይመለሱ። ለመነሻ ያህል 200 ሜትር ይያዙ። መንጋ ማስነሣት ለፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ይህ ወፍ በየካቲት መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለመብረር ስብ እያጠራቀመ ነው። በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ የሚነሣ መንጋ ያጠራቀመውን እዚሁ ይጨርሰዋል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራትም ያው ነው፤ ይተዉት።

ጥሬ አይበትኑ። ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ምን ያያሉ?

ብዙ ሰው ረዥም እግርና ረዥም አንገት ያለውን ሁሉ ሽመላ ብሎ ያልፈዋል። ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት ይያዙ፦ ሲበር ይመልከቱት። ክሬን አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ይበራል፤ ሳቢሳና ዘመዶቹ አንገታቸውን አጥፈው በትከሻቸው መሐል ይይዛሉ። ነጩ የአውሮፓ ሽመላም አንገቱን ይዘረጋል፤ እሱን በነጭ ገላው፣ በቀይ ምንቃሩና በቀይ እግሩ ይለዩታል።

ግራጫው ክሬን ገላው አመድማ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ ጥቁርና ነጭ ነው። ከማየትዎ በፊት ይሰሙታል፤ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ የመለከት ድምፅ ይመስላል። በመንጋው ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሆነው ተለይተው የሚሄዱት ቤተሰብ ናቸው። የዘንድሮው ልጅ በጋውን ሙሉ ከወላጆቹ አይለይም፤ ጭንቅላቱ ቡናማ ስለሆነ በቀላሉ ይታወቃል።

ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን አናቱ ላይ ወርቅማ ጠንካራ ጭራ የመሰለ ላባ አለው፤ ጉንጩ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ ነው። ከክሬኖች ሁሉ ዛፍ ላይ ማደር የሚችለው የእሱ ወገን ብቻ ነው፤ የኋላ ጣቱ ረዥም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ስለዚህ በሜዳው ዳር የቆሙት ትልልቅ የሾላና የግራር ዛፎች ለእሱ ማደሪያ ናቸው። ቁጥሩ በመላው አፍሪካ እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው።

ሦስተኛው፣ ዕድል ከቀናዎት የሚያዩት፣ ከአገጩ ሥር ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልለት ትልቁ ክሬን ነው። ቁመቱ ከመካከለኛ ሰው ቁመት ብዙም አያንስም። ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ስለሚያሳድግ አንድ ጎጆ መጥፋት ለዚህ ወፍ ከባድ ጉዳት ነው።

ከእነዚህ ሌላ በቅጠል ላይ የሚራመደውን ረዥም ጣት ወፍ፣ ይብራውን፣ ዓሣ አዳኙን ንስር፣ ፔሊካኑን፣ ከፎገራ ከብት እግር ሥር ነፍሳት የሚለቅመውን ሳቢሳ ያያሉ። ከብቱንም ይመልከቱት፤ የፎገራ ዝርያ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ የለመደ፣ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን የአገር ሀብት ነው።

ገንዘብዎ የት ይሂድ?

አብሮዎት ለዋለው ሰው የሚከፍሉትን አስቀድመው ይነጋገሩና በእጁ ይስጡት። ምሳዎን ወረታ ይብሉ፤ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ማዘዝ ይችላሉ። ሲመለሱ ሩዝ ከገበሬው ይግዙ። ባሕር ዳር ላይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩትን የእጅ ሥራ ያገኛሉ፤ ታንኳውም የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው። ደንገሉ የሚኖረው ረግረጉ እስካለ ስለሆነ ግዢዎ ረግረጉንም ይደግፋል። ለልጆች ሳንቲም ከመበተን ለትምህርት ቤቱ ደብተር ይስጡ።

ማደሪያውን ውሃ ያትርፉ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው

ከዚህ በኋላ ያለው በዋናነት ለአርሶ አደሩ፣ ለግብርና ባለሙያውና ለቀበሌው ነው።

ግራጫው ክሬን ቀን የሚበላበትና ማታ የሚያድርበት ቦታ የተለያየ ነው። ቀን በገለባ ማሳ ላይ የወደቀ ጥሬና ነፍሳት ይለቅማል። ማታ ግን ጅብና ቀበሮ እንዳይደርሱበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ውሃው ከጉልበቱ ከበለጠ አይቆምበትም፤ ከደረቀ አውሬ ይገባበታል። ስለዚህ በዙሪያው ምንም ያህል ጥሬ ቢኖር፣ ያቺ ቁርጭምጭሚት የምታህል ጥልቀት ያላት ውሃ ከጠፋች መንጋው ቦታውን ይለቃል። በሌላ አነጋገር የሺዎቹ ወፎች ዕጣ በጥቂት ሄክታር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህ ለጥበቃ መልካም ዜና ነው፤ ሜዳውን ሁሉ ከእርሻ ማስለቀቅ አያስፈልግም ማለት ነውና።

«የሩዝ ማሳው ራሱ ውሃ ይይዝ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይይዛል፤ ሩዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር እዚህ ከተስፋፋ ወዲህ ክረምት ላይ ማሳው ለብዙ ወፍ ምግብ ሆኗል። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም እዚሁ ፎገራ ነው። ነገር ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ መንጋው ማደሪያ አጥብቆ በሚፈልግበት ጊዜ፣ የሩዙ ማሳ ደረቅ ነው። ረግረጉን አይተካውም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ጥቅምት ላይ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ ሽማግሌዎችን፣ በዙሪያው የሚያርሱትንና ከብት የሚያሰማሩትን ይዛችሁ ረግረጉን በእግር ዙሩት። ዝቅተኛውን፣ በበጋም ውሃ የሚይዘውን ክፍል ለዩ። ዙሪያውን ችካል ትከሉ፤ ከችካሉ ውጭ ደንገልና ፊላ የሚቀርበት ጠበብ ያለ መቀነት ተዉለት። በችካሉና በመቀነቱ ውስጥ ማረስ፣ ቦይ መቆፈርና እሳት መለኮስ እንዳይኖር ተስማሙ፤ ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ አስፈርሙ። በእጃችሁ ያለ ወረቀት የመስከረም አዲስ ሹም ሲመጣ ያስፈልጋችኋል። ድጋፍ የምትጠይቁበት ምክንያትም አለ፤ የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል፣ ወረዳውም ክልሉም ይህን ያውቃሉ።

ትልቁ ጠላት ዛሬ ማረሻ ሳይሆን የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። በበጋ ሽንኩርት የሚያለማው ሰው ከረግረጉ ሲስብ ማደሪያው በቀናት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ከልክሉ ብል ማንም አይሰማኝም፤ ሽንኩርቱ የቤቱ ጥሬ ገንዘብ ነው። የሚሠራው ነገር ይህ ነው፦ ውሃው መሐል አንድ እንጨት ትከሉና በሰው ቁርጭምጭሚት ልክ ቀይ ቀለም ቀቡት። ውሃው ቀዩን ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ይሳብ፤ ምልክቱ ሲታይ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ከወንዙ ወይም ከጉድጓድ ይሁን። ማን እንደሚቆጣጠር በስም ወስኑ።

ከብትን አታባሩ። የተጋጠ አጭር ሣር ለክሬኑም ለትናንሾቹም ወፎች መልቀሚያ ነው፤ ከብት ጨርሶ የተከለከለበት ቦታ በፊላ ተደፍኖ ወፍ የማያርፍበት ይሆናል። የሚጠበቀው ወቅቱ ብቻ ነው። ባለ ዘውዱ ክሬን የሚፈለፍልበት ረዥም ሣር ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከብትና አጫጅ እንዳይገባው አድርጉ። በምዕራብ ሸዋ፣ በበርጋ ረግረግ፣ በዓለም ላይ ለመጥፋት በጣም የተቃረበች ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የሣር ወፍ ትፈለፍላለች። እዚያ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ሲሠራ ጎጆው ያለበት ሣር በክረምቱ እንዲከበር ተደረገ፤ ለአካባቢው ልጆችም ትምህርት ቤት ተሠራ። ነዋሪው የሚጠብቀው ነገር ለእሱም የሚመልስለት ሲኖረው ጥበቃው ይቆያል።

ሽምብራውን እንዴት ያተርፋሉ?

ክሬን ቡቃያ ይነቅላል። ይህን የሚክድ የወፍ ወዳጅ ገበሬው ዘንድ መልሶ አይሰማም። አደጋው ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ሽምብራው ከተዘራበት ቀን አንሥቶ ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ናቸው።

በዚያ ጊዜ የሚጠቅመው መጀመሪያ የሩዙን ገለባ መሬት ወዲያው አለማረስ ነው። የወደቀ ጥሬ ያለበት ያልታረሰ ማሳ በአቅራቢያው ሲኖር ወፉ ያንን ይመርጣል፤ ገለባው ሁሉ አንድ ላይ ሲገለበጥ የተዘራው ማሳ ብቻ ይቀርለታል። ጎረቤታሞች ተነጋግራችሁ ከረግረጉ አጠገብ ያለውን ገለባ በመጨረሻ ብታርሱት ጉዳቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሽምብራውን በአንድ ሰሞን ዝሩ፤ ተለያይቶ የተዘራ ማሳ ተራ በተራ ይበላል፣ ጠባቂም ያሰለቻል። ዘሩን አፈር በደንብ አልብሱት። ሦስተኛ፣ ጥበቃውን በጠዋትና በማታ ላይ አጠናክሩት፤ መንጋው ከማደሪያው የሚወጣውና የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው። ድምፅና ወንጭፍ ያለ ጉዳት ያባርራል። የተመረዘ ጥሬ መበተን ግን ወፉን ብቻ ሳይሆን ውሻውን፣ ዶሮውን፣ ልጁንም ያገኛል።

ጥሬ እየበተኑ ወፍን ከማሳ ማራቅስ? በሰሜን እስራኤል ያለው የሁላ ሸለቆ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከሚመጡት ክሬኖች ከፊሎቹ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ረግረጉን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ብለው አደረቁት፤ ከሥር ያለው የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር ደርቆ ተቃጠለ፣ መሬቱም ሰመጠ። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ሞሉት። ክሬኖቹ መጡ፣ የኦቾሎኒውን ማሳ ወረሩ፣ ገበሬውና የጥበቃ ሰዎቹ ተስማምተው በተወሰነ ቦታ በቆሎ መስጠት ጀመሩ። ማሳው ዳነ፣ ጎብኚውም በዛ። ነገር ግን በጠባብ ቦታ እጅግ ብዙ ወፍ ተከማቸ፤ በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ሲገባ ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሞቱ። ፎገራ ያን ያህል በቆሎ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ቢኖረውም በብዙ ማሳ ላይ ተበትኖ የቀረ ገለባ ይሻላል። ከጎንደር አካባቢ ሄዳችሁ በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች በኅዳር ያን ሸለቆ ብትጎበኙ፣ ከላያችሁ ወደ ደቡብ የሚያልፈው መንጋ ወደ ጣና የሚወርድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ ወፍ በአንድ ቦታ ሞቶ ካገኛችሁ በእጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትስጡ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ።

እምቦጭና መድኃኒት

እምቦጭ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ የተባለው ብዙ ስለሆነ አላረዝመውም። ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ግን ሳያብብ ንቀሉት፤ ካበበ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የተነቀለውን ዳር ላይ አትተዉት፤ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ከምራችሁ አድርቁት። ሲነቀል ደንገሉ አብሮ እንዳይነቀል ተጠንቀቁ። ጎብኚ ሆይ፣ ወይን ጠጁ አበባ ያምራል፤ ይዘውት አይሂዱ፣ ጫማዎንም ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመሻገርዎ በፊት ጭቃውን ያራግፉ።

የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው መርጫውን ቦዩ ላይ አይጠብ። ባዶውን ዕቃ ለውሃ መያዣ አያውለው። ከረግረጉ ዳር ጥቂት እርምጃ ሳይረጭ ቢተው፣ እንቁራሪቱም ግልገል ዓሣውም ይተርፋል፤ ክሬኑ ጫጩቱን የሚመግበው በእነዚህና በነፍሳት ነው።

ይቁጠሩ

በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት በጃንዋሪ አጋማሽ ነው፤ ለእኛ የጥምቀት ሰሞን ማለት ነው። ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቁ። መምህር ከሆኑ ተማሪዎችን፣ ጎብኚ ከሆኑ አብሮዎት የዋለውን ሰው ይዘው ከማደሪያው ራቅ ብለው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይቁሙ። እያንዳንዱ ቆጣሪ አንድ አቅጣጫ ይያዝ። መንጋው ሲገባ አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም፤ አሥር ወፍ በዓይንዎ ይለኩ፣ ያን ልክ በመንጋው ላይ እየደጋገሙ ያስቀምጡ። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ውጤቱ ከተራራቀ ሁለቱንም ይጻፉ።

በማግሥቱ ጠዋት በሚለቅሙበት ማሳ አንድ መቶ ወፍ ይምረጡና ስንቱ ቡናማ ጭንቅላት እንዳለው ይቁጠሩ። ይህ በሰሜን ያለፈው የመራቢያ ወቅት እንዴት እንደነበረ ይናገራል፤ ከጠቅላላው ቁጥር ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም፣ በቀይ ቀለም የተቀባው እንጨት ላይ ውሃው የት እንደደረሰ፣ ሜዳው ታርሶ ወይስ ገለባ እንደነበረ አብረው ይመዝግቡ። በስልክዎ ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ ያስገቡት፤ ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩም ይላኩ። አንዱን ቅጂ ግን በወረቀት ገልብጠው፣ ከችካሉ ቃለ ጉባኤ ጋር እንዲያያዝ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ትተው ይሂዱ።